ውፍረትን በመቀነስ ጥረት መካከል የሚያጋጥም መሰልቸት

ትምህርት አሥራ አራት

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ።

1. አንድን ሥራ በታላቅ ወኔ ጀምራችሁ በመካከሉ የተዋችሁበት ጊዜ አለን? ያስተዋችሁ ምክንያት ምን ነበር?
2. በአካባቢያችሁ አንድን ሰው «ወፍረሃል» ማለት እንደ ምስጋና ነው ወይስ እንደ ነቀፌታ የሚቆጠረው?
3. «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ያስገነዝባል?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ በጥሞና አንብቡ፤ ቀጥሎም መምህራችሁ በሚሰጧችሁ ተራ መሠረት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

በአገራችን የሰው ገላ መሙላት ለብዙ ዘመን የምቾትና የጤና ምልክት ሆኖ ሲታይ ኖሯል። ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኙ ዘመዳሞች ሰላምታ ሲለዋወጡ «ተመስገን፣ ወፍረሃል፤ አምሮብሃል» መባባላቸው፣ የከሳውንም «ምነው፣ ታመህ ነበር እንዴ?» ብለው መጠየቃቸው ከዚሁ አስተሳሰብ የመነጨ ነው። ረኀብንና በሽታን በቅርብ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መሥራት፣ በተሽከርካሪ መመላለስ፣ እንዲሁም ስኳርና ዘይት የበዛበት ምግብ በከተሞች እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለደም ግፊት፣ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ የጤና ችግር መሆኑ እየታወቀ መጥቷል። በመሆኑም ዛሬ ሐኪም «ክብደትዎን ይቀንሱ» ብሎ የሚመክረው ሰው ጥቂት አይደለም።

ምክሩን ሰምቶ የሚጀምረው ብዙ ነው፤ የሚዘልቀው ግን ጥቂት ነው። ብዙዎችን ከመንገድ የሚያስቀራቸው የመጀመሪያው ሳምንት ረኀብ ወይም የመጀመሪያው ቀን የእግር ሕመም አይደለም። ወኔው ሲበርድ፣ ምግቡ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ሚዛኑም አልነቃነቅ ሲል የሚመጣው መሰልቸትና መታከት ነው። የዚህ ምንባብ ዓላማም ይህ ሁኔታ ከምን እንደሚመነጭና በምን ዘዴ ሊወገድ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ለአብነት ያህል በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደር አንዲት ሴት እናስብ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 80 ኪሎ ግራም ነው። የደም ግፊቷ ከፍ በማለቱ ክብደቷን እንድትቀንስ ሐኪም ይመክራታል። እርሷም በማግሥቱ ስኳር ከቤቷ ታስወጣለች፤ እንጀራ መብላት ታቆማለች፤ ቁርስ ትተዋለች፤ ምሳና እራቷን የተቀቀለ ጎመን ብቻ ታደርጋለች፤ ከዚያ በፊት ሮጣ የማታውቀው ሴት በየማለዳው በ11 ሰዓት እየተነሣች መሮጥ ትጀምራለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚዛኑ 3 ኪሎ ግራም ያህል መቀነሷን ሲያሳያት ደስታዋ ወሰን ያጣል። በስምንተኛው ሳምንት ግን ሚዛኑ ከ76 ኪሎ ግራም ላይ ተተክሎ ይቀራል። ጎመኑ ከጉሮሮዋ አልወርድ ይላል፤ ሩጫው እንደ ቅጣት ይታያታል፤ በሥራ ቦታዋም ነጭናጫ ትሆናለች። በዚህ ላይ እሑድ ዕለት አክስቷን ልትጠይቅ ብትሄድ፣ አክስቷ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ከሳሽብኝ? በሞቴ ብዪ!» እያሉ ደጋግመው ያጎርሷታል። ሰኞ ጧት «እንግዲህ አንዴ ከተበላሸ ተበላሽቷል» ትልና ሁሉንም እርግፍ አድርጋ ትተዋለች።

ይህችን ሴት «ወኔ የላትም» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን በሰውነቷ ውስጥ የተከናወነውን ስንመረምር ፍርዱ ትክክል አለመሆኑን እንረዳለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቀነሰው ክብደት ውስጥ አብዛኛው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የተባለ የኃይል ስንቅ ያከማቻል፤ እያንዳንዱም ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀንስ አስቀድሞ የሚወጣው ይህ ስንቅ በመሆኑ ሚዛኑ በፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የስብ መቀነስ ግን ዝግ ያለ ነው። ስለዚህ በስምንተኛው ሳምንት ጥረቱ ፍሬ ያጣ መስሎ የሚታየው የመጀመሪያው ፍጥነት አሳሳች ስለነበረ ጭምር ነው።

ከዚህም በላይ ሰውነት ክብደቱ ሲቀንስ ዝም ብሎ አይመለከትም። የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል፤ የረኀብንም ስሜት ያበረታል። በ1994 እ.ኤ.አ. ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ከተገኘ ወዲህ የዚህ ነገር አሠራር ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። ይህ ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት እየመነጨ ምን ያህል ስንቅ እንዳለ ለአንጎል ያስታውቃል። ስቡ ሲቀንስ ሆርሞኑም ስለሚቀንስ አንጎል «ስንቅ አለቀ» የሚል መልእክት የደረሰው ያህል ባለቤቱን ምግብ ፍለጋ ይገፋፋዋል። ይህ አሠራር የሰውን ልጅ ከብዙ የረኀብ ዘመን ያወጣው ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ለሚሻ ሰው ግን ፈተና ይሆንበታል።

ምግብ እጅግ ሲቀንስና አንድ ዓይነት ሲሆን በአእምሮ ላይ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪይስ የተባሉ የፊዚዮሎጂ ሊቅ በ36 ጤነኛ ወጣቶች ላይ ምርምር አደረጉ። ወጣቶቹ ሕሊናቸው ጦር መሣሪያ ማንሣትን ያልፈቀደላቸው፣ ነገር ግን በጦርነቱ የተራቡትን የአውሮፓ ሕዝቦች መርዳት የሚቻልበትን መንገድ ለማግኘት በፈቃዳቸው የቀረቡ ነበሩ። ለ24 ሳምንታት በቀን ወደ 1,600 የሚጠጋ ካሎሪ ብቻ እየተሰጣቸው፣ በአብዛኛው ድንች፣ ዳቦና ማካሮኒ እየተመገቡ ቆዩ፤ በየሳምንቱም ወደ 35 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህሉን አጡ። ከዚህ ጋር ቁጡዎችና ግድየለሾች ሆኑ፤ ከሰው ጋር መጫወት ጠሉ፤ ሐሳባቸው ሁሉ በምግብ ተያዘ፤ አንዳንዶቹም የወጥ አሠራር መጻሕፍትን ማንበብ ሥራዬ ብለው ያዙ። ለሌላ ሰው ሲሉ ለመራብ የቆረጡ ሰዎች ወኔ የላቸውም ሊባሉ አይችሉም። እንግዲህ የተቀቀለ ጎመን ብቻ እየበላች የምትሮጠው ሴት ነጭናጫ መሆኗ የባሕርይ ጉድለት ሳይሆን፣ የመረጠችው መንገድ ያመጣባት ውጤት መሆኑን መገንዘብ ይቻላል።

ወደ መፍትሔው ከመሄዳችን በፊት ግን ሁለት ተቀራራቢ ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። መሰልቸት ማለት አንድ ዓይነት ነገር ከመደጋገሙ የተነሣ ጣዕሙን ማጣት ነው። መታከት ደግሞ ሸክሙ ከአቅም በላይ ከመሆኑ የተነሣ መዛል ነው። የሰለቸው ሰው ለውጥ ያስፈልገዋል፤ የታከተው ሰው ግን ዕረፍትና የሸክም መቃለል ያስፈልገዋል። የታከተው ሰው ሌላ አዲስ ስፖርት ቢጨምር ድካሙ ይብስበታል፤ የሰለቸውም ሰው ለሳምንታት ቢያርፍ ያው አሰልቺ ነገር ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጥረቱን ለመተው የተቃረበ ሰው አስቀድሞ «የደረሰብኝ የትኛው ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

መታከትን ለመከላከል የሚረዳው የመጀመሪያው ዘዴ ከአቅም ጋር የተመጣጠነ ዕቅድ ማውጣት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በአንድ ቀን የተጣሉ አሥር ልማዶች በአንድ ቀን ተመልሰው ይመጣሉ። እንጀራን ፈጽሞ ከመተው ይልቅ መጠኑን መቀነስና ከጎኑ ምስርን፣ ጎመንን፣ ሰላጣን ማብዛት ይሻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ስለሚይዝ ከወጡ ላይ ጥቂት ዘይት መቀነስ ቀላል የማይባል ለውጥ ያመጣል። በቀን አራት ስኒ ሻይ በሦስት በሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ወደ 48 ግራም ስኳር፣ ማለትም ወደ 190 ካሎሪ ይወስዳል። ማንኪያውን በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ እየቀነሰ ቢሄድ ምላሱ ሳያምፅበት ይለምደዋል።

ሁለተኛው ዘዴ ለመሰልቸት የሚሆን ነው፤ ይኸውም የሚደረገውን ነገር ማለዋወጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲደረግ ይመክራል። ይህ በሳምንት ለአምስት ቀናት ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ በመራመድ ሊሟላ የሚችል ነው። የግድ ሩጫ መሆን የለበትም፤ የግድም በአንድ መንገድ ላይ መሆን የለበትም። የአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ቀን ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ያለውን አቀበት፣ ሌላ ቀን ወደ ፒያሳ የሚወስደውን መንገድ ሊመርጥ ይችላል። የባሕር ዳር ሰው የጣናን ዳርቻ፣ የሐዋሳም ሰው የሐይቁን ዳር ይዞ መሄድ ይችላል። እስክስታም፣ የጓሮ ቁፋሮም፣ ገመድ ዝላይም እንቅስቃሴ ነው። ምግብም እንዲሁ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር ባለበት አገር በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ እየበሉ መንገሽገሽ አስፈላጊ አይደለም።

ሦስተኛው ዘዴ መለኪያውን ማስፋት ነው። ሚዛን የሚያውቀው ኪሎን ብቻ ነው። ቀደም ብለን ያነሣናት ሴት ከ80 ኪሎ ግራም ወደ 76 ስትደርስ ከክብደቷ 5 በመቶ ቀንሳለች። ይህን ያህል መቀነስ የደም ግፊትንና በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ለማሻሻል እንደሚረዳ በሕክምና የታወቀ ነው። ክብደትን በኪሎ ግራም ወስደን፣ ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ብናካፍለው፣ የእርሷ ምጣኔ ከ31.3 ወደ 29.7 ወርዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ባወጣው መለኪያ ከ25 ጀምሮ የክብደት መብዛት፣ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። እንግዲህ ይህች ሴት ጥረቷን የተወችው ከአደገኛው ወሰን በወረደችበት ሳምንት ነበር። የደም ግፊቷን ብታስለካ፣ የቀሚሷን ወገብ ብትመለከት፣ የቢሮዋን ደረጃ ሳታለከልክ መውጣቷን ብታስተውል ኖሮ ሚዛኑ የደበቀባትን ፍሬ ታይ ነበር።

አራተኛው ዘዴ አንድ ስሕተት ሙሉውን ጥረት እንዳያፈርስ መጠንቀቅ ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ96 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ አዲስ ተግባር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀናት ወስዷል፤ ለአንዳንዱ ሰው 18 ቀን የበቃ ሲሆን፣ ለአንዳንዱ ግን እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ተገምቷል። በመካከል አንድ ቀን መቅረት የልማዱን ሥር መስደድ ጉልህ በሆነ መንገድ አላደናቀፈም። ስለዚህ የእሑዱ ግብዣ የሰኞን ምክንያት አይሆንም። እሑድ የበላ ሰው ሰኞ እንደ ወትሮው ይቀጥላል፤ ራሱን በረኀብ መቅጣትም አይገባውም። የታከተም ሰው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ክብደቱን ለመቀነስ ሳይሆን ባለበት ለመጠበቅ ብቻ ቢጥር እንደ ሽንፈት ሊቆጥረው አይገባም።

አምስተኛው ዘዴ ሰውን ከጥረቱ ጋር ማስተባበር ነው። በአገራችን ምግብ የፍቅር መግለጫ በመሆኑ ማዕድን እምቢ ማለት ሰውን እንደ መናቅ ሊቆጠር ይችላል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስለሚባልም ሁለተኛው ጉርሻ መከተሉ አይቀርም። በይሉኝታ ተሸንፎ ከመብላትና ኋላ ከመጸጸት ይልቅ ነገሩን አስቀድሞ በአክብሮት መግለጽ ይሻላል። «አክስቴ፣ የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ሐኪም አዞኝ ነው፤ ከእጅዎ ሁለት ጉርሻ እቀበላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ይማሩኝ» ብትል፣ በሽታዋን የሰሙት አክስት ከሚያስገድዷት ይልቅ የሚጠብቋት ይሆናሉ። ከባልንጀራ ጋር መራመድም ጉዞውን ያሳጥራል፤ በማለዳ የሚጠብቀው ሰው ያለው አልጋው አይዘው። በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከታዋቂ አትሌቶች ጋር እጅግ ብዙ ተራ ሰዎችን በአንድ መንገድ ላይ ማሰለፉ፣ ብቻውን የማይዘለቀው ነገር በኅብረት ጨዋታ እንደሚሆን ያስረዳል።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ ማቅረብ ይገባል። ከላይ የተጠቀሱት ምጣኔዎች ዕድገታቸውን ለጨረሱ አዋቂዎች የተሰጡ ናቸው። በእናንተ ዕድሜ ሰውነት ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ያለ ሐኪም ምክር ምግብን መቀነስ፣ ቁርስ መተው ወይም ለማቅጠን ተብለው የሚሸጡ መድኃኒቶችን መውሰድ ጉዳት ያስከትላል። ለእናንተ የሚመከረው በቀን በአማካይ የ60 ደቂቃ እንቅስቃሴና የተመጣጠነ ምግብ ነው። አንድ ጓደኛችሁ ስለ ክብደቱ ከመጨነቁ የተነሣ መብላት የተወ እንደሆነ ነገሩን እንደ ብርታት ሳትቆጥሩ ለቤተሰቡ፣ ለመምህር ወይም ለጤና ባለሙያ እንዲነገር አድርጉ። በሰው ገላ ላይ ማፌዝም ማንንም አክስቶ አያውቅም፤ የተፌዘበትን ሰው ግን ከሜዳ አስወጥቶ ቤቱ ያስቀምጠዋል።

በአጠቃላይ ውፍረትን መቀነስ የሳምንታት ዘመቻ ሳይሆን የአኗኗር ለውጥ ነው። በመካከሉም መሰልቸትና መታከት መምጣታቸው የተለመደ ነው። ሲመጡም የሰለቸው መንገዱን ይለውጥ፤ የታከተው ሸክሙን ያቃልል፤ ሁለቱም ግን መነሻቸውን አይርሱ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው አነጋገር ለዚህ ጉዳይ የሚስማማ ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

በ«ሀ» ሥር ለተሰጡት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ትርጉም ከ«ለ» ሥር እየመረጣችሁ አዛምዱ።

«ሀ»
1. ወኔ
2. መታከት
3. ነጭናጫ
4. ይሉኝታ
5. መንገሽገሽ
6. ስንቅ

«ለ»
ሀ. ሰው ምን ይለኛል ብሎ መጨነቅ
ለ. ለመንገድ ወይም ለችግር ጊዜ የተቀመጠ ምግብ
ሐ. ሸክም ከአቅም በላይ ሆኖ መዛል
መ. በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ
ሠ. የልብ ቆራጥነት
ረ. አንድን ነገር አብዝቶ ከመቅመስ የተነሣ መጥላት

መ. የምንባብ ጥያቄዎች

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክብደት በፍጥነት የሚቀንሰው ለምንድን ነው?
2. በሚኒሶታ የተደረገው ጥናት በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሰው ምንን ለማስረዳት ነው?
3. በመሰልቸትና በመታከት መካከል ያለውን ልዩነት ከራሳችሁ ምሳሌ ሰጥታችሁ አብራሩ።
4. በምሳሌነት የቀረበችው ሴት ጥረቷን የተወችው ፍሬ ባገኘችበት ጊዜ ነው የተባለው ለምንድን ነው? ስሌቱን ሠርታችሁ አሳዩ።
5. «የእሑዱ ግብዣ የሰኞን ምክንያት አይሆንም» ማለት ምን ማለት ነው?

ሠ. ሰዋስው

«ሰለቸ» ከሚለው ግሥ «አሰለቸ»፣ «ተሰላቸ»፣ «ስልቹ»፣ «አሰልቺ» እና «መሰልቸት» የሚሉት ቃላት ይመሠረታሉ። ተስማሚውን ቃል እየመረጣችሁ ባዶ ቦታውን ሙሉ።

1. በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ መብላት ________ ነው።
2. ሥራን ጀምሮ የማይጨርስ ሰው ________ ይባላል።
3. የተናጋሪው ንግግር ከመርዘሙ የተነሣ አድማጩን ሁሉ ________።
4. ________ ሲመጣ መንገድን መለወጥ እንጂ ጉዞን ማቆም አይገባም።

ከዚህ በኋላ «ታከተ» ከሚለው ግሥ ሦስት ቃላት መሥርታችሁ በዐረፍተ ነገር አስገቡ።

ረ. የጽሕፈት ልምምድ

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።

1. የጀመረውን ጥረት ለመተው ለተቃረበ የቅርብ ዘመድ የሚላክ ደብዳቤ። በደብዳቤያችሁ ውስጥ ዘመዳችሁ የሰለቸው ወይም የታከተው መሆኑን ለይታችሁ ተስማሚውን ምክር ስጡ፤ በዕድሜ የሚበልጣችሁ ከሆነ የአክብሮት አነጋገር ተጠቀሙ።
2. «እንግዳን አስገድዶ ማብላት ፍቅር ነው ወይስ ጉዳት?» በሚል ርእስ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ የሚያነጻጽር ድርሰት።